አንድ ድስት ለጭላሎ

«ሦስት ድስት ተሸክሜ ጭላሎ አልወጣም!» ብሎ ዳዊት ጠረጴዛውን ሲመታው፣ አትላስ ሰፈር ያለው ካፌ በሙሉ ዞሮ አየን።

ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ጭላሎ ተራራ ልንወጣ ነው፤ ድንኳን ውስጥ አድረን፣ ጎህ ሲቀድ ጫፉ ላይ ልንደርስ። ዛሬ የተገናኘነው ስለ ምግቡ ለመነጋገር ነበር።

እኔ ደግሞ የጽጌን ጾም ይዣለሁ። ከቡድኑ የምጾመው እኔ ብቻ ስለሆንኩ «ለእኔ ተብሎ ማንም አይቸገር፣ ዘንድሮ ጉዞው ይቅርብኝ» ልል ነበር የመጣሁት። ሰሚራም ብትሆን ሙስሊም ስለሆነች ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አትበላም። ባለፈው ጉዞ ሁለታችን ቆሎ ስንቆረጥም ነው ያደርነው።

ዳዊት የምግብ ኃላፊያችን ነው። ያለ ቋንጣ የቤቱን ደረጃ እንኳን የማይወጣ ሰው! (እናቱ ጎሮ ባለው ቤታቸው ቋንጣውን ሰቅለውለታል አሉ።)

ገና አፌን ሳልከፍት ፈረደ። «የሥጋ፣ የጾም፣ የሰሚራ ብሎ ነገር የለም፤ አንድ ድስት ብቻ። እሱም ሽሮ!»

«ቋንጣውስ?» አልኩት።

«ስንመለስ ይደርሳል። አንቺ ከቀረሽ ግን ድንኳኑን ማን ይተክላል?»

ሰሚራ ሳቀች። እኔ ዓይኔን ሻዬ ላይ ተከልኩ፤ እንባዬን እንዳያዩብኝ።

ተመስገን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

እናንተስ? ሳትጠይቁት ድስቱን የቀየረላችሁ ሰው አለ? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ዳዊት ብቻውን እንዳይኮራብን።