ጊታር ልንሰማ ፒያሳ

ቅዳሜ ንጋት፣ ደብረ ብርሃን

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰው አይመርጥም። አውቶቡሱ ሳይመጣ መናኸሪያው ውስጥ ተሰልፈናል። እኔ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ። ጣቶቹ እንዳይደነዝዙ ነው አሉ። የምንሄደው ሌላ ሰው ሲጫወት ለመስማት መሆኑን ላስታውሰው አስቤ ተውኩት።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ በአውራጃው ግብርና መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስደበድብ የምውል ሠራተኛ ነኝ፤ የዓመት ፈቃዴን ወጥቻለሁ። ሌላው ሰው ፈቃዱን ለጠበል ያውለዋል። እኔ ፒያሳ ወርጄ በኤሌክትሪክ የሚጮህ ጊታር በዓይኔ አይቼ ልመለስ ነው። ደሳለኝ ከእኔ ይብሳል። የቀድሞ ጎረቤታችን አበራ አዲስ አበባ ገብቶ የባንድ ጊታሪስት ሲሆን አሮጌ ጊታሩን ትቶለት ሄዷል። ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ደሳለኝ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቶ ይወጥርበታል፤ ብስክሌት ያለው ጎረቤት ሁሉ ይረግመዋል። እሁድ ባንዱ ስለሚጫወት ኑ ብሎ የጠራን ራሱ አበራ ነው።

ደሳለኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚያ ጊዜ ለወንድ ልጅ ከዚህ የከፋ ዕድሜ የለም፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚፈልገው ልክ እሱን ነው። ስንወጣ እናታችን እጄን ይዛ፣ እሱ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አደራ፣ ከዓይንሽ እንዳይርቅ" አለችኝ።

ረፋድ ላይ፣ መንገድ

ሸኖ ላይ ቅቤ ሻጮች የአውቶቡሱን መስኮት ያንኳኳሉ። ከዚያ ወዲያ የታጨደ ገብስ፣ የድንጋይ ካብ፣ እንደገና የታጨደ ገብስ። ተሳፋሪው አያወራም። በዚያ ዘመን አውቶቡስ ውስጥ አብሮህ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም እንቅልፋም ነው።

ከተማው መግቢያ ኬላ ስንደርስ ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ፣ "ወንዶች መታወቂያችሁን፣ ሴቶች ጸሎታችሁን አውጡ" አለ። ማንም አልሳቀም። አንድ ሚሊሺያ ገብቶ የደሳለኝን የተማሪነት ወረቀት ገልብጦ አየና፣ "ተማሪ ነህ? በርታ" ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ አራት ኪሎ እስክንደርስ የደሳለኝን እጅጌ አልለቀቅኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አራዳ

ፒያሳ ከስታለች። ወርቅ ቤቶቹ መስታወት ውስጥ የብር ቀለበት ደርድረው ወርቁን የት እንዳስገቡት እነሱ ያውቃሉ። ኬክ ቤት ገብተን ማኪያቶ አዘዝን፤ ስኳር ስለጠፋ ከረሜላ ጨምረው አቀረቡልን። ከረሜላውን ጉንጭ ውስጥ ይዞ መጠጣት ነው። ባንኮኒው ጋ የቆሙት አራዶች እንኳ የሚቀልዱት ግራ ቀኝ አይተው ነው።

ያረፍነው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ አክስታችን እትዬ ዘነቡ ቤት ነው። እንግዳ የተቀበለ ሰው ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ ግዴታው ነው። እትዬ ዘነቡ ሄደው ተመለሱና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተናገሩ።

"አንቺን አስመዝግቤሻለሁ። እሱን ግን እኔ አላየሁትም። አንተ፣ ከመስኮቱ ዞር በል።"

"ምነው አክስቴ?" አለ ደሳለኝ።

"አፈሳ ነዋ ልጄ። ሲኒማ ደጃፍ የለ፣ ኳስ ሜዳ የለ፣ የዳቦ ሰልፍ የለ። ወንድ ከሆነ እያፈሱ መኪና ላይ ነው።"

"እንግዲያው ነገ አንወጣም" አልኩ፤ ከልቤ ነበር ያልኩት።

ደሳለኝ ግን ክርክር አዘጋጅቶ ጠብቆናል። "በጠራራ ፀሐይ እኮ ነው እታለም። ደግሞ ባንዱ የከተማው ኪነት ነው፣ የመንግሥት። መንግሥት የራሱን ድግስ ያፍሳል እንዴ?"

አክስታችን በመጨረሻ፣ "እንግዲያው ከሰዓት እላፊ በፊት ግቡ" አሉ።

እሁድ ከቀትር በኋላ፣ አዳራሹ

በሰዓት እላፊው ምክንያት ሙዚቃው ስምንት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ጣሊያን የሠራው ያረጀ አዳራሽ ነው፤ የእንጨት ወለሉ ይንቋቋል፣ መጋረጃው አቧራ ይሸታል። ወጣቱ ደረቱን ከፍቶ፣ ሱሪውን አስፍቶ መጥቷል። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ለአብዮቱ ተዘፈነ፤ ቡጢያችንን አንስተን አብረን ዘመርን። ዕዳችንን ስንጨርስ አበራ ጊታሩን ሰካ። ሮክ የኢምፔሪያሊስት ባህል ነው ተብሎ ስለሚወገዝ ያለ ቃል ነው የሚጫወቱት፤ ቃል ከሌለው ሳንሱር ምኑን ይሰርዛል?

ድምፁ መጀመሪያ ሆዴን መታኝ። ከዚያ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ የቢሮ ሴትዮ ቆሜ እጮሃለሁ። ደሳለኝ አይጮህም። የአበራን የግራ እጅ ጣቶች እያየ የራሱን ጣቶች ጭኑ ላይ ያንቀሳቅሳል። ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሩ ሲከፈት ብርሃን ገባ፤ ከኋላው ወታደሮች። ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ ተባለ። ከበሮው ቆመ። የተማሪነት ወረቀት የዘረጉትን ሁሉ እያዩ ወደ ቀኝ ይገፏቸዋል፤ ዛሬ ወረቀት አይሠራም። የደሳለኝን ክንድ ይዤ አልለቅም ስል አበራ ከመድረክ ዘሎ ወረደ።

"ጓድ መቶ አለቃ፣ ይሄ የእኛ ልጅ ነው። የባንዱ ሁለተኛ ጊታሪስት።"

ኪነት ውስጥ ያለ ሰው አይታፈስም፤ ሁሉም ያውቃል። መቶ አለቃው ደሳለኝን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"ታዲያ ታች ምን ይሠራል?"

"ዛሬ ተራው አይደለም።"

"ይጫወት እስቲ።"

አበራ የራሱን ጊታር አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ደሳለኝ እውነተኛ ክር ከነካ ቆይቷል። በአምባሰል ቅኝት ቀስ ብሎ ጀመረ። በቀኝ የቆሙት ወንዶች አንገታቸውን ደፍተዋል። ከዚያ ድምፁን ለቀቀው። የፍሬን ሽቦ ሲጎትት የኖረ ጣት ለስላሳ ክር ሲያገኝ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። የመቶ አለቃው ጫማ ወለሉን መምታት ጀመረ። ተረፈልኝ አልኩ። እመቤቴ፣ ተረፈልኝ።

ሲጨርስ መቶ አለቃው አጨበጨበ፤ ብቻውን።

"እጅህ ይባረክ። የክፍለ ጦራችን ኪነት ጊታሪስት ካጣ ከርሟል። ጊታሩን እንደያዝክ ና።"

አበራ በመካከላቸው ገባ። "ጓድ፣ እኔን ውሰዱኝ። እሱ ገና ልጅ ነው፣ እኔ እሻላለሁ።"

"አንተ ለከተማው ታስፈልጋለህ።"

ቢያበላሽ ይወስዱት ነበር፤ ስላሳመረ ወሰዱት። ሌሎቹ ወንዶች ከባድ መኪና ላይ ሲጫኑ እሱን በክብር ጂፕ ውስጥ ከፊት አስቀመጡት። ስሙን እየጠራሁ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ሮጥኩ። ጊታሩን አቅፎ ወደ ኋላ ያየኝ ነበር።

ሰኞ፣ የጦር ሰፈሩ በር

የታፈሰው ሁሉ የሚገባው እዚህ ነው ብለውኝ መጣሁ፤ ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። "ኪነቶቹ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሰሜን ሄደዋል" አለኝ።

"እነሱ ውጊያ አይገቡም አይደል?"

"እህቴ፣ ሠራዊቱ ያለበት ቦታ ሄደው ነው የሚጫወቱት። በይ ሂጂ፣ እዚህ አትቁሚ።"

ማክሰኞ፣ ደብረ ብርሃን

ፈቃዴ ሳያልቅ ተመለስኩ። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ከእኔ ኋላ ያለውን መንገድ ስታይ ቆየች። ነገርኳት።

"ጠመንጃ ሰጡት?"

"የለም። ጊታር ነው የያዘው።"

ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። ሊያለቅሱ የመጡትን ጎረቤቶች፣ "ልጄ ሙዚቀኛ ነው የሆነው፣ ምን ያስለቅሳችኋል?" ብላ መለሰቻቸው። ዘበኛው ያለኝን አልነገርኳትም።

ከደሳለኝ ወሬ የለም። እናቴ በራዲዮ የሠራዊቱ ፕሮግራም በመጣ ቁጥር ሥራዋን ትታ ትቀመጣለች። ጊታር ሲሰማ እጄን ትይዘኛለች።

"እሱ ነው አይደል?"

የወንድሜን የጊታር አመታት ከሺህ መካከል እለየዋለሁ። እሱ አይደለም።

"አዎ እማዬ፣ እሱ ነው" እላታለሁ።

"ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ" ትለኛለች።