በስክሪኑ ግርጌ

መጽሐፌን ራሴ ለኅትመት ላሰናዳ ስነሳ በስደት በምኖርበት በሳጃና ሰፈር ውስጥ የለመነኝ ሰው አልነበረም። የመረጥኩት ፕሮግራም ሁሉን በትእዛዝ የሚሠራ ነው፤ ጥቅስ ስትጀምር «ጀምር»፣ ስታበቃ «ጨርስ» ብለህ ካልጻፍክለት ገጽ አይሰጥህም። መንግሥታት የዚህን ያህል ግልጽ ቢሆኑ ብዙ ሰው በሕይወት ይኖር ነበር።

አንድ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቴ የአገሬ ልጅ ነው። ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ውስጥ የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ እያሰናዳ ይኖር ነበር። ስለፋ አይቶኝ ፕለጊን የሚሏቸውን ትናንሽ ጭማሪዎች ጫነልኝ። አንዱ ሁለት ፊደል ስነካ ሙሉውን ትእዛዝ ይጽፋል፤ ሌላው ጀምሬ የረሳሁትን ይጠቁማል።

«ይሄ ለሰነፍ የተሠራ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ለማን ጫንኩት፣ ጋሼ?»

የማስጠንቀቂያውን ቃል ወደ ራሱ አማርኛ ለውጦት ሄደ። ስሳሳት ከስክሪኑ ግርጌ በቀይ ይመጣል፦ «ጋሼ፣ ጀምረው አልጨረሱም። ልማድዎ ነው።»

አብዮቱ ሲመጣ ጎረቤቴ ከጦሩ መምሪያ ፊት ለፊት ከተቀመጡት ሰልፈኞች ጋር ተቀመጠ።

«የሰው አገር አብዮት ነው፣ ምን አገባህ?»

«አሥር ዓመት ፉላቸውን ስበላ አገባኝ እኮ፣ ጋሼ።»

ሰልፈኛው በጥይት የተበተነ ዕለት እዚያው ነበር፤ ወደ ቤት አልተመለሰም። ከእኅቱ ጋር ሶባ ሆስፒታል ድረስ በሚኒባስ ሄደን አስከሬኖች መካከል ፈለግነው። አልነበረም። ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር ፎቶውን የምንልክበት መንገድ እንኳ አጣን።

ሳምንታት አለፉ። የዕድሩ ሰዎች እኅቱን «ተስካሩን አውጪለት፣ ነፍሱ ትረፍ» እያሉ ያዟት። ለዕለቱ የሚታደል የመታሰቢያ ገጽ እንዳዘጋጅላት መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለት ፊደል ነካሁ፤ «ጀምር» የሚለው ራሱ ተጻፈ። የተወለደበትን ጻፍኩ፣ ሥራውን ጻፍኩ። የሞተበት ዕለት ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «ጨርስ» ሳልጽፍ፣ እንዲያው ገጹን ልየው ብዬ ጽሑፉን ሴቭ አደረግኩት። ከስክሪኑ ግርጌ በቀይ መጣ፦

«ጋሼ፣ ጀምረው አልጨረሱም። ልማድዎ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እሱ ነው» አለች።

«ፕሮግራም ነው፣ እኅቴ። ለማንም ይላል።»

«ቢጨርሱት ይጠፋል?»

«ይጠፋል።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «እንግዲያው ይቆይ። ተስካር ያሉኝን፣ ገጹ አልደረሰም እላቸዋለሁ።»

በመንፈስ አላምንም፤ ይህንንም ለሚሰማኝ ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። የራሴን መጽሐፍ በሌላ ኮምፒውተር ጨረስኩ። እሷ አሁንም አልፎ አልፎ ትመጣለች። ስለ ዳቦ ሰልፍ፣ ስለ መብራት መጥፋት ታወራኛለች። ከዚያ «እስቲ ያንን ገጽ ይክፈቱት» ትላለች።