ለተሻገረው ሰው የታሰረ ድምፅ

የካናዳን መንግሥት የምጠላው በወሬ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ያህል በሥሩ ኖሬ ነው። በምዕራቡ ሜዳ ላይ ባለች አንዲት ከተማ የትምህርት ቤት ወለል እየወለወልኩ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ለምእመናን ልጆች ዜማ እያስተማርኩ ዜግነቱን ተቀበልኩ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ፣ በትዳር ምክንያት ኦስሎ የገባችው ልጄ ወደ ራሷ ወሰደችኝ። ዛሬ ግሮሩድ፣ ከጫካው ሥር ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ በእርሷ ቤት እኖራለሁ። ልጄም እኔም ግን አሁንም የካናዳ ዜጎች ነን፤ በምርጫ ጊዜ በመጨረሻ ለኖርንበት ወረዳ ከዚህ ሆነን በፖስታ ድምፅ እንሰጣለን።

እኔ የምመርጠው ወግ አጥባቂዎቹን ነው፤ ይህንንም ደብቄ አላውቅም። ገዢው ወገን ለታመመ ሰው ሞትን እንደ መድኃኒት የሚያቀርብ ሕግ አውጥቶ ርኅራኄ ብሎ ሰየመው። በነዳጅና በማሞቂያ ላይ ቀረጥ ጭኖ ለዓመታት ስለ ምድር ሰበከን፤ ምርጫ ሲቃረብ ቀረጡን ራሱ አነሣና እኛ ስንጮህበት የኖርነውን ነገር የራሱ ጥበብ አስመሰለው። አገሪቱን ባልና ሚስት ሁለቱም እየሠሩ ከተከራዩት የሰው ምድር ቤት የማይወጡባት አደረጋት። በመጨረሻም መሪውን ለወጠ፤ ከደቡቡ ጎረቤት የመጣውን ዛቻ አጉልቶ አሳየ፤ ሕዝቡም ደንግጦ ተመልሶ እቅፉ ውስጥ ገባ። ይህን ሳስብ በጸሎት ላይ ቆሜ እንኳ ደሜ ይፈላል።

ያ ምርጫ የደረሰው በሁዳዴ ነበር። ከውጭ አገር የሚመርጥ ሰው የሚላክለት ወረቀት ባዶ መስመር ብቻ ያለው ነው፤ የዕጩውን ስም በእጁ ይጽፍበታል። ልጄ ወረቀቷን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ብዕሩን ታሽከረክረው ጀመር።

«አባባ፣ የእርስዎን ሰውዬ አልወደውም» አለችኝ።

«ማን ውደጂው አለሽ? ምረጪው ነው ያልኩሽ።»

«እሺ፣ ለእርስዎ ስል። ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ።»

አንድ ጊዜ ብቻ ማለቷ አናደደኝ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ «በዚህ በያዝነው ጾም፣ በአባትነቴ፣ ከዚህ ሰው ስም በቀር ሌላ እንዳትጽፊ ገዝቼሻለሁ፤ ዛሬም፣ ወደፊትም» አልኳት። ልጄ ግዝት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ እንዲህ የታሰረ ቃል ካህን ካልፈታው በቀር አይፈታም። ፊቷ ተለወጠ። ስሙን ጻፈች፤ ፖስታውን አሽጋ ወደ ሥራዋ፣ ወደ አልናብሩ መጋዘኖች ስትሄድ ይዛው ወጣች።

ሰውየው በወረዳችን አሸነፈ፤ አገሪቱን ግን እነዚያው ያዟት።

በገና ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጄ ስልኳን እየተመለከተች መጣች። «የእርስዎ ሰውዬ ተሻገረ።»

«ወዴት?»

«ወደ ገዢዎቹ። ወንበሩን እንደያዘ።»

አላመንኳትም፤ አንብባ አስረዳችኝ። በዚያ አገር ሕግ፣ በአንዱ ፓርቲ ስም የተመረጠ ሰው ተነሥቶ በሌላው ወገን ቢቀመጥ የሚጠይቀው የለም። በአንድ ደብር ስም ዕጣን ተቀብሎ በሌላው ደብር ያጠነ ካህን ብናገኝ እኛ ከመቅደስ እናስወጣዋለን። እነርሱ አጨበጨቡለት። ቅጥፈቱን ሕሊና አሉት። ልጄ የእኔን ንዴት አይታ ወንበር እስክትይዝ ድረስ ሳቀች።

«የሚመረጠው እኮ ሰውየው ነው እንጂ ፓርቲው አይደለም» አለችኝ።

«እኔ የመረጥኩት ወገኑን ነው። ይህ ሰው ያለ ወገኑ ስም ቢቆም የገዛ ጎረቤቱም ባልመረጠው።»

«ታዲያ ሲገዝቱኝ የጠሩት የሰውየውን ስም ነው። ወደፊትም ብለዋል። ምርጫ ሊደገም ይችላል እየተባለ ነው፤ እኔ ደግሞ ግዝት አላፈርስም። እርሱኑ እጽፋለሁ።»

እየቀለደች እንደሆነ ፊቷን መረመርኩ። መሳቋን ትታ ነበር። በትርጓሜ ቤት የተማርኩትን ሁሉ አገላበጥኩ፤ መውጫ አላገኘሁም። ግዝት የተነገረውን ቃል እንጂ በልብ የታሰበውን አይከተልም ብዬ ሌሎችን ያስተማርኩ እኔ ነኝ። በገዛ አፌ የልጄን ድምፅ ለከዳተኛው አስሬ ሰጥቼው ነበር።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከኖርዌጂያኖቹ በተከራየነው አዳራሽ፣ ልጄን ይዤ ወደ ካህናችን ቀረብኩ። ቀሲስ ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ የሚነዱ፣ በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚያንሱ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን ያዙ።

«የኔታ፣ በምርጫም ይገዘታል?»

«ተገዝቷል። ይፍቱልኝ።»

«ሰውየው ባይሻገር ይመጡ ነበር?»

«አልመጣም ነበር።»

«ከፈታኋት በኋላስ ምን አስበዋል?»

ልጄ ቀደመችኝና፣ «በፓርቲው ስም እንደገና ሊገዝቱኝ ነው፤ አውቃቸዋለሁ» አለች። ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

«እንግዲያው አልፈታም» አሉ ቀሲስ። «በፊቴ ‹የፈለግሽውን ጻፊ› ካላሏት መስቀሌን አላነሣም።»

«ሞት የሚያድለውን መንግሥት ብትመርጥስ?»

«ያን ጊዜ ይከራከሯታል። አንደበት አላጡም።»

ዝም ብል ድምፅዋ በእኔ ቃል ለከዳተኛው ይሄዳል፤ ብናገር በራሷ ፈቃድ ለአዲሶቹ ጌቶቹ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም መረሩኝ። ሆኖም ያንን ሰው በእኔ ቃል ዳግም መሾም አልቻልኩም። «የፈለግሽውን ጻፊ» አልኳት፣ ሳላያት። ቀሲስ መስቀሉን በራሷ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ፤ እርሷም ተሳለመች። ሰውየውን ግን ያን ቀንም ይቅር አላልኩትም።

በባቡር ስንመለስ ክርክሩን እኔው ጀመርኩ።

«ተመልከቺ፤ ይህች አገር ዘይቷን ሳታፍር አውጥታ፣ ሸጣ፣ ለልጅ ልጆቿ አስቀመጠች። የእኛዎቹ ገዢዎች ግን የምዕራቡን ዘይት እንደ ኃጢአት ቆጥረው ቧንቧ እንዳይዘረጋለት ለዓመታት አጓተቱ።»

«ኔይ፣ አባባ» አለችኝ፣ በኖርዌጂያኖቹ ቋንቋ «አይደለም» ማለቷ ነው። «እዚህ ያስቀመጠው ቀረጥ የሚሰበስበው መንግሥት ነው። የእርስዎ ወገኖች ቀረጥ ይቀነስ አይደል የሚሉት? ምዕራቡን ሲያስተዳድሩስ መቼ አስቀመጡ?»

አነጋገሯ አበሳጨኝና ወደ ሌላ ነገር ዞርኩ።

«የሞቱንስ ሕግ ምን ትይዋለሽ?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። «በእርሱ ከእርስዎ ጋር ነኝ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«ሌላው ሁሉ።»

ግሮሩድ ወረድን። ዳገቱን ስንጀምር እነዚያ ሰዎች በአገሪቱ ላይ ስለከመሩት ዕዳ አነሣሁባት፤ ቀድማኝ ትሄድ የነበረችው ልጄ ቆማ፣ እስክደርስባት ጠብቃ፣ መልሷን ጀመረች።