ሳይጨመርበት የበዛው ዘይት

ባለፈው ማክሰኞ ከአምስት ኪሎ ወደ ጊዮርጊስ የሚወስደኝ ወጣት የታክሲ ሹፌር፣ ከመሪው ኋላ ቀይ መብራት በርታ እያየ ዝም ብሎ ይነዳ ነበር። የዘይት ግፊት ሲወርድ የምትበራው፣ የዘይት ማንቆርቆሪያ የምትመስለው መብራት ናት። ዳር ይዞ ሞተሩን እንዲያጠፋ ነገርኩት። በመስተዋቱ አየኝና ፈገግ አለ፤ ከበራች ሳምንት አልፏታል፣ ምንም አትልም እማማ አለኝ። አውርደኝ ብዬ ወረድኩ። ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ያቺን መብራት አውቃታለሁ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ፒያሳ ላይ ታክሲ እየነዱ ነው ያሳደጉን። የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ሲወስደው፣ ከቤቱ መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችውን አሮጌ መኪናቸውን ተረከብኩ። በሩን ከፍተው መሪው ላይ ሴት ሲያዩ መልሰው የሚዘጉ ተሳፋሪዎች ነበሩ። እሱንስ ለመድኩት። ያልለመድኩት አባባ ቤት መዋላቸውን ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከእሪ በከንቱው ቤታችን ደጃፍ አልወጡም። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይለዩታል፤ የሚጠይቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ስገባ መኪናዋ እንዴት ዋለች ይሉኛል። ደህና እላለሁ።

ሐምሌ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን በዝናብ ስወጣ መብራቷ ብልጭ ብላ ጠፋች። በማግስቱ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ትበራ ጀመር። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩ። ዘይቱ ሙሉ ነው፤ እንዲያውም ከላይኛው ምልክት አልፏል። አሮጌ ሞተር ዘይት ይበላል ሲሉ እሰማ ስለነበር፣ የእኔይቱ አትበላም ብዬ ኮራሁ። ለአባባ አልነገርኳቸውም። መብራቷ እየበራች ሦስት ቀን ነዳሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሞተሩ ሆድ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ከአንድ ኬክ ቤት ፊት ለፊት ነበርኩ፤ የትኩስ ቦምቦሊኖ ሽታ በመስኮቱ ሲገባ አስታውሳለሁ። ቀስ ብዬ ጊዮርጊስ አጠገብ ወዳለው ወደ ጋሽ በቀለ ጋራዥ አደረስኳት።

ጋሽ በቀለ የአባባ የቆየ ወዳጅ፣ ቸኩሎ የማይናገር መካኒክ ነው። መጀመሪያ ጥፋቱ የመብራቷ ነው ብሎ፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኛትን ትንሿን ዕቃ ቀየረ። መብራቷ አልጠፋችም። ከዚያ በዕቃዋ ቦታ የዘይት ግፊት መለኪያ አሰረና ሞተሩን አስነሳ። መርፌዋ ትንሽ ከፍ አለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ቁልቁል ወርዳ ዜሮው አጠገብ ቆመች። ጋሽ በቀለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ውስጡ ተበልቷል፣ ከምሳ በኋላ እበትነዋለሁ አለኝ።

መበተን ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ መለዋወጫ በቀላሉ አይገኝም። እዚያው ግቢ ውስጥ ሞተራቸው ተበትኖ ሳይገጠም የቀረ፣ ከሥራቸው ሣር የበቀለባቸው ሁለት መኪናዎች ቆመዋል። የቤታችን እንጀራ ደግሞ ያቺው አንዲት መኪና ናት።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁና ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ ጠየቁኝ።

«ዘይቱ መለኪያው ላይ የት ደርሷል?»

«ሙሉ ነው አባባ። ከላይኛው ምልክትም አልፏል።»

«ጨምረሽበታል?»

«ኧረ አልጨመርኩም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

ኮቴን አቀብዪኝ አሉ።

ክንዴን ይዘው ዳገቱን ወጣን። ድንጋዩ በዝናቡ ያዳልጣል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ጣቶቻቸው ክንዴን ጭምቅ ያደርጉታል። አንድ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ራሱ። ልመልስዎት ወይ አልኳቸው፤ ክንዴን ስበው መንገዱን ቀጠሉ። እኔ የማስበው የምሳ ሰዓቱ ማለፉን ነበር።

ስንደርስ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ጋሽ በቀለ መፍቻዎቹን ደርድሮ ሲጋራ አፉ ላይ ይዟል። የመጀመሪያውን ብሎን ሊፈታ ጎንበስ ብሎ ነበር። አባባ ዘንጉን ስጪኝ አሉኝ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«በቀለ፣ ሲጋራህን አጥፋና ከዚህ ራቅ።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጋሽ በቀለ ግን ሲጋራውን ኩሬ ውስጥ ወረወረው። አባባ ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሹት፤ እንደ ውሃ ቀጥኗል። ጋዜጣ ላይ አንድ ጠብታ አንጠብጥቢ አሉኝ። ጠብታዋ ጥቁር ሆና መሐል ላይ ቀረች፤ ዙሪያዋን ግን ፈዛዛ ርጥበት እየሰፋ ሄደ። ቤንዚን ነው፤ ዘይቱን ያቀጠነውና ግፊቱን ያወረደው እሱ ነው። የቤንዚን ፖምፓው ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ተቀዶ፣ ነዳጁ ቀስ በቀስ ወደ ዘይቱ ይወርድ ኖሯል። የኮራሁበት ሙላት እሱ ነበር።

ጋሽ በቀለ ሣር ከበቀለባቸው መኪናዎች የአንዷን ፖምፓ ፈትቶ ደህናውን ጎማ አውጥቶ በእኛዋ ላይ ገጠመው። አሮጌው ዘይት እስኪንጠፈጠፍ ስንጠብቅ አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሦስት ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳይጨነቁ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ቤት ውስጥ የምጨነቅበት ነገር አጥቼ ነው የሰነበትኩት» አሉኝ።

አዲሱ ዘይት ገባ። መሪው ላይ ተቀምጬ ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ ተነሣ። መብራቷ በርታለች። አባባ እጃቸውን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። መብራቷ አሁንም በርታለች። ጋሽ በቀለ አጥፊው ሊለኝ እጁን አነሣ።

«ጠፋች?» አሉ አባባ።

ጠፍታ ነበር። በመልስ ፈንታ ጥሩምባውን ነፋሁት።

ኳኳታው ጨርሶ አልለቀቀም፤ የእኔ ሦስት ቀን ሞተሩ ላይ ምልክቱን ትቷል። ቢሆንም ያቺ መኪና ስድስት ዓመት አብልታናለች። አባባም ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከጎኔ ተቀምጠው እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ይሄዱ ጀመር፤ ማርሹን ዘግይተሽ ቀየርሽ እያሉ ይነዘንዙኝ ነበር።

ሰሞኑን እኔ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ ነበር። ልጆቼ በቅርቡ ሐኪም ቤት ያስመረመሩኝን ውጤት ተቀብለዋል፤ ስገባ ወሬ ይለውጡ ነበር። እንዳትጨነቅ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከፍቅር ነው፣ እኔም ያደረግኩት ከፍቅር ነበር። ማክሰኞ ዕለት ቤት ስደርስ ወጥ ቤት ውስጥ የምርመራው ወረቀት ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። ወንበር ስቤ መካከላቸው ተቀመጥኩና አንብቡልኝ አልኳቸው። ተያዩ። ከዚያ ትልቋ ልጄ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።