ወፍጮው የቆመበት የገበያ ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ፣ ቁይ ገበያ በዋለበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ያጋጠመኝን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ልረሳው አልቻልኩም። ለሰው ስተርከው ግማሹ "አጋነንሽው" ይለኛል፣ ግማሹ መሀል ላይ ያቋርጠኛል። እስቲ በጽሑፍ ልሞክረው፤ በጽሑፍ የሚያቋርጠኝ የለም።

ቁይ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የተበላሸ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሙያውን የተማርኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ቤቷን ከነዕቃዋ የገዛኋት ከእኔ በፊት ከነበረው ፎቶ አንሺ ሲሆን፣ እሱ ለዓመታት ያነሳቸው ፎቶዎች ያሉበት አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክም አብሮ መጣልኝ። ምን አደርግበታለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ነበር።

ቤቷ አንድ ጣጣ አለባት። ከጎኗ ወፍጮ ቤት አለ። ግድግዳችን አንድ ነው። የናፍጣው ሞተር ሲነሳ ወለሉ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ብርጭቆ ብቻውን መንገድ ይጀምራል። ዱቄቱ በየስንጥቁ እየገባ ማተሚያዬን ያለብሰዋል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ከባለወፍጮው ከጋሽ ሰይድ ጋር ስንጨቃጨቅ ኖረን፣ በመጨረሻ ቀበሌ ከሰስኳቸው። ቀበሌ "ተስማሙ" ብሎ መለሰን። እኛም ሰላምታ በመተው ተስማማን።

ያን ቀን ጠዋት አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ገቡ። ጋሽ አለምነህ ይባላሉ። ከዚያ በፊት አላውቃቸውም።

"ልጄ፣ እዚህ ቤት ድሮ የተነሳ ሰው ፎቶው ይቀመጣል?" አሉኝ።

"የማን ፎቶ ነው?"

"የልጄ የይበልጣል። አስረኛ ክፍል ሳለ ለፈተና ብሎ የተነሳው። ካንቺ በፊት በነበረው ልጅ ጊዜ ነው።"

ወንበር ሰጠኋቸውና ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ይበልጣል ትምህርት የሚሆንለት፣ ቤት ውስጥም የሚታዘዝ ልጅ ነበር። ኋላ ላይ አእምሮው ታወከ። እንቅልፍ አጣ፤ ለብቻው ማውራት አመጣ። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ያለውን የራሱን ፎቶ ሁሉ ሰብስቦ እሳት ውስጥ ጨመረውና ወጥቶ ሄደ። ከሄደ ዓመት አልፎታል። አባት ሥራቸውን ለጎረቤት እየተዉ በየጠበሉና በየመናኸሪያው ሲፈልጉት ከርመዋል።

"መልኩን ይንገሩን ይሉኛል" አሉ። "ረጅም ነው፣ ጠይም ነው እላለሁ። ረጅምና ጠይም ባገሩ ሞልቶ። ፎቶ ካለዎት ያምጡ ይሉኛል። ከየት ላምጣ? ትምህርት ቤትም ጠይቄ አጣሁ። እናቱ ናት እስቲ ፎቶ ቤቱን ሞክረው ያለችኝ።"

አንጀቴን በሉት። ዲስኩን ከመሳቢያ አውጥቼ አቧራውን አራገፍኩና፣ ጠረጴዛ ላይ ባጣጠፍኩት ፎጣ ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ ከላፕቶፔ ጋር በገመድ አገናኘሁት። አልተነሳም። ቀጭ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት፣ ደግሞ ነቀልኩት። ተስፋ ልቆርጥ ስል መዞር ጀመረ።

ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። ሳህኑ ላይ ያለውን የሚያነብ፣ መርፌ የመሰለ ነገርም አለው። እንዲህ ያረጀ ዲስክ አንዴ ከተነሳ በኋላ ካጠፉት ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። እየዞረ ወዲያ ወዲህ ማንቀሳቀስማ ጨርሶ መግደል ነው። ስለዚህ ጋሽ አለምነህን ጠረጴዛውን እንዳይደገፉት ለመንኳቸው። ከነወንበራቸው እስከ በሩ ድረስ ራቁ።

የዲስክ ጤና የምመረምርበት ፕሮግራም አለኝ። የዲስኩን እያንዳንዷን ቦታ እያነበበ በትንንሽ አራት ማዕዘን ስክሪኑ ላይ ይደረድራል። ደህና የተነበበው አረንጓዴ፣ ያስቸገረው ብርቱካናማ፣ ያልተነበበው ቀይ ይሆናል። ፎቶዎቹን መቅዳት የምጀምረው ከጤነኛው በኩል እንዲሆን፣ መጀመሪያ ትንሽ ላስመርምረው አልኩ።

ስክሪኑ ባንዴ ቀይ ለበሰ።

"ቀዩ ምንድነው?" አሉኝ ከበሩ።

"የታመመው ነው።"

"ሁሉም ታሟል እንዴ?"

ወዲያው ቀዩ ቆመና አረንጓዴው ተከታትሎ ይመጣ ጀመር። ደስታዬን ሳልጨርስ ደግሞ ቀይ። ደግሞ አረንጓዴ። ግራ ገባኝ፤ የተበላሸ ዲስክ ብዙ አይቻለሁ፣ እንዲህ የሚቀያየር ግን አላየሁም። ገመዱን ጠረጠርኩ፤ እንዳልነካው ፈራሁ። በመጨረሻ አረንጓዴው ሲመጣ ነው የነቃሁት። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ወፍጮው ቆሟል።

ያን ቀን ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እየወለቀ ያስቸግራቸው ነበር። ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ቺንጋውን ይመልሳሉ፣ እንደገና ያስነሳሉ። ወፍጮው ሲቆም ዲስኩ ያነባል። ወፍጮው ሲነሳ መርፌዋ ከቤቱ ጋር ስለምትንቀጠቀጥ የምታነበውን ቦታ ትስታለች። ጤነኛ ዲስክ ቢሆን ይችለው ነበር፤ ይህ ደካማ ነው። ይባስ ብሎ ፕሮግራሙ የሚያሳየኝ የሞተ ቦታ ዓይኔ እያየ ይጨምራል። ገበያው እስኪበተን ልጠብቅ ብል ዲስኩ አይጠብቀኝም።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ወፍጮ ቤት ገባሁ።

ሰልፉ በር አልፎ ሜዳ ወጥቷል። ጋሽ ሰይድ እስከ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሰዋል። ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። ሞተሩ እንደገና ተነስቶ ስለነበር ጆሯቸው ሥር ሄጄ ጮህኩ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ወፍጮውን ትንሽ ያቁሙልኝ። ሃርድ ዲስክ እያስነበብኩ ነው፤ ንዝረቱ አላስነብብ አለኝ።"

ቀስ ብለው ዞሩ። "በቀበሌ አልሆን ሲልሽ በሃርድ ዲስክ መጣሽብኝ?" አሉ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣላቸውም ነበር። ያን ቀን ግን አንገቴን ደፍቼ ነገሩን ከሥሩ ነገርኳቸው፤ ልጁ መጥፋቱን፣ ፎቶው ሌላ ቦታ እንደሌለ፣ ዲስኩ እየሞተ መሆኑን።

ጋሽ ሰይድ በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩ። ጋሽ አለምነህ ተከትለውኝ መጥተው፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ሄደው ሞተሩን አጠፉት። "ልጅ የጠፋበት ሰው ደጄ ቆሞ እኔ አልፈጭም" አሉ።

ሰልፉ አጉረመረመ። ከሁሉም የተነሱብኝ ግን እትዬ እንጉዳይ የሚባሉ ሴት ናቸው። ጤፋቸውን ይዘው ገና ተራ መድረሳቸው ነበር። "ነገ ጽዋዬ ነው፤ ማኅበርተኛው ሲመጣ ምን ላቀርብለት ነው?" አሉ። "ለፎቶ ተብሎ ወፍጮ ሲቆም ያየ ሰው አለ? ይቺ ልጅ ጤናም የላት።" እየተቆጡ ፎቶ ቤቴ ድረስ ተከተሉኝ። እሳቸውን ተከትሎ ሌላውም መጣ። መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበረኝም፤ ምርመራውን ትቼ በቀጥታ ፎቶዎቹን መቅዳት ጀመርኩ።

ፎቶዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ስለዚህ ከዲስኩ የወጣውን ሁሉ እየከፈትኩ ለጋሽ አለምነህ አሳያለሁ። እሳቸው ጠጋ ብለው ያዩና "እሱ አይደለም" ይላሉ። እሱ አይደለም። እሱም አይደለም። ፎቶው ላይ ያለውም የሌላ ሰው ልጅ ስለሆነ እንዳይቀየም ብለው ነው መሰለኝ፣ ሲሉት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

በር ላይ የተኮለኮለው ሰው መጀመሪያ ሲያጉረመርም ቆየ። በኋላ አንዷ "እንዴ፣ ይቺ የእኛ አስናቀች አይደለችም?" አለች። ሌላው "እዩትማ፣ ያኔ ፀጉር ነበረው" አለ። የሁሉም ልጅ፣ የሁሉም የእህትና የወንድም ልጅ እዚያ ዲስክ ላይ አለ። እትዬ እንጉዳይም ያገባችና ወለጋ የሄደች የእህታቸውን ልጅ አይተው ቁጣቸውን ተዉ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ራሱ ዘበኛ ሆነልኝ። "ግድግዳውን አትደገፍ" ይባባላል። ሕፃን ያዘለች ሴት ልጇ ሲያለቅስባት ወጥታ ሜዳ ላይ አባበለችው።

ብዙ ከቆየን በኋላ ዲስኩ እንደገና ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንድ ፎቶ ግማሽ ድረስ ወጣና ቆመ። ግንባር፣ ሁለት ዓይን፣ አፍንጫ። ከአፍንጫው በታች ባዶ ግራጫ ነው። ግንባሩ ላይ፣ ከቀኝ ቅንድቡ በላይ፣ የተጠማዘዘ ጠባሳ አለ።

"ቆይ" አሉ ጋሽ አለምነህ። "እሱ ነው። በቅሎ ረግጣው ነው።"

እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ዳሰሱ። አይንኩ አላልኳቸውም። ድምፅ ሳያወጡ እንባቸው ወረደ።

ቀሪውን ግማሽ ላወጣ ብዙ ሞከርኩ። ዲስኩ ጭራሹን ቆመ፤ ከዚያ ወዲያም ተነስቶ አያውቅም። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከዚህ በላይ አልሆነልኝም" አልኳቸው።

"ኧረ ልጄ" አሉ። "ዓይኑን አሳይተሽኛል እኮ።"

ይህን ጊዜ እትዬ እንጉዳይ ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው መጡ። "እስቲ ልየው" አሉና አጎንብሰው ብዙ አዩ።

"ይህን ጠባሳ አውቀዋለሁ" አሉ።

እትዬ እንጉዳይ በጥቅምት ወር ለወገባቸው፣ ወደ አባይ በረሃ መውረጃው አጠገብ ወዳለ ጠበል ሄደው ሰንብተው ነበር። "ጺሙ አፉን ሸፍኖታል፤ የታቹ ወጥቶ ቢሆን ላላውቀውም እችል ነበር። ዓይኑና ጠባሳው ግን እሱው ነው" አሉ። "የጠበሉ አጥር ጥግ ይቀመጣል። ዳቦ ስሰጠው ይቀበለኛል፣ አይናገርም። አንድ ቀን የማን ልጅ ነህ ብዬ ብጠይቀው፣ 'የማንም' አለኝ። እኔም ሰው የለውም ብዬ ትቼው መጣሁ።"

"የማንም አለ?" አሉ ጋሽ አለምነህ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

እትዬ እንጉዳይ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ይነሱ፣ እንሂድ" አሉ። "መንገዱን አያውቁትም፤ ቢያገኙትም ከሰው ይሸሻል። እኔን ግን ለምዶኛል።"

"ጽዋዎስ?" አልኳቸው ሳላስበው።

"አንቺ ደግሞ ዝም በይ" አሉኝ። ጋሽ ሰይድ ጤፉን ራሳቸው ፈጭተው ቤት ሊያደርሱላቸው ቃል ገቡ። ሰልፍ ላይ የነበሩ ሁለት ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ጽዋውን ተረከቡ። ግማሿን ፎቶ አሳድጌ አተምኩላቸውና ይዘዋት ወጡ። ወፍጮው ከዚያ በኋላ ነው የተነሳው።

ይበልጣል አሁን ቤቱ ነው። ድኗል ብዬ አልዋሽም። ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ እየተመላለሰ መድኃኒት ይወስዳል፤ ጠበሉንም አልተወም። ደህና ቀን አለው፣ ክፉ ቀንም አለው።

እንዴት እንዳገኙት የነገሩኝ እትዬ እንጉዳይ ናቸው። ከጠበል ሲመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ጠበሉ ሲደርሱ ልጁ እንደ ልማዱ አጥሩ ጥግ ተቀምጧል። አባቱ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ይሸሽ ይሆን ብለው መጠጋት ፈሩ። ልጁ ቀና ብሎ ብዙ አያቸው። ከዚያ ተነሳና መጥቶ፣ አባቱ የተሸከሙትን ስንቅ ከትከሻቸው ተቀብሎ እሱ ተሸከመው።

እኔ ቶሎ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ያን ዕለት ግን እትዬ እንጉዳይን ከሸኘሁ በኋላ ቤቴን ዘግቼ አለቀስኩ። ዛሬም ደንበኛ ዲስክ አምጥቶ ፕሮግራሙን ስከፍት ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። የማንም አይደለሁም ያለ ልጅ፣ አባቱ ሲደክማቸው አየና አሳረፋቸው።