አረንጓዴው ምላስ

ሎሬታ ስካግስ ምላሷ አረንጓዴ ነበር። የሁላችንም እንደዚያው ነበር። ኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለው የከሰል ኃይል ማመንጫ፣ ጭሱ የሚጣራባቸውን ባለ ቀዳዳ ጡቦች የምናጸዳ ስድስት ሠራተኞች ነበርን። ጡቦቹ ውስጥ ቫናዲየም የሚባል፣ ብናኙ ምላስ አረንጓዴ የሚያደርግ ብረት አለ፤ ላያቸው ላይ ደግሞ ከከሰሉ የሚመጣ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ይጋገራል። ከተማው ሰማዩ ጠራልን ብሎ ይደሰታል፤ ብናኙን የምንውጠው እኛ ነን።

ከሥራ ስንወጣ ተሰልፈን ምላሳችንን እናወጣለን፤ ይበልጥ አረንጓዴ የሆነበት ቢራ ይጋበዛል። ሎሬታ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብዙ ቢራ ጠጥታለች፤ ቀጭን ስለሆነች ጠባቡ ቦታ ሁሉ የእሷ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ታጠምዳለች፣ ምላሰኛ ናት። ያን ዓመት ግን ሳል እንቅልፍ ነሳት። የማስኮቻችን ማጣሪያ ካለቀ ወራት አልፎታል፤ አለቃችን ዱዌይን ፕሩት «ታዟል» ከማለት በቀር መልስ የለውም። ሎሬታ ሲመርራት ለመንግሥት የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ደወለች።

ተቆጣጣሪዋ በምትመጣበት ጠዋት ዱዌይን አንድ ካርቶን የጥርስ ብሩሽ ይዞ ከች አለ።

«በሉ ምላሳችሁን ፈትጉ! እስኪደማ! ይሄ ቦታ ቢዘጋ ማን ሊያበላችሁ ነው?»

«የማስክ ማጣሪያ ስንጠይቅህ ታዟል ትላለህ፤ ብሩሽ ከየት መጣ?» አለች ሎሬታ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ እንኳ አፍሽን ዝጊ።»

«እንዲያውም እከፍተዋለሁ!» ብሩሹን ወርውራበት ወጣች።

አምስታችን ቀረን። ማንም ማንንም አላየም። መታጠቢያው ገንዳ ላይ ተደፍተን ፈተግን፤ አረንጓዴና ደም የተቀላቀለበት ዝልግልግ ምራቅ ገንዳውን ሞላው። የባልደረባዬ ምራቅ እጄ ላይ ሲፈናጠቅ እንኳ አላቆምኩም።

ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ሎሬታም ምላሷን አውጥታ አሳየቻት።

«ከረሜላ ነው እኮ!» አለ ዱዌይን እየሳቀ። «ሲመጥ የሚውል አፍ ነው።»

ተቆጣጣሪዋ ወደ እኛ ዞረች። «ብናኙ ከሆነማ የሌሎቹም እንደዚህ መሆን አለበት። እስቲ አንተ።»

እኔን ነበር። ሎሬታ ፊቷ በራ።

«አሳያት፣ ኬርሚት! ንገራት!»

አፌን ከፈትኩ። ምላሴን አወጣሁ፤ እንደ ሕፃን ምላስ ቀይ ነበር። መልሼ አፌን ዘጋሁ።

ተቆጣጣሪዋ አንድ መስመር ጻፈችና ደብተሯን ዘጋች። ሎሬታ ትንሽ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ያንኑ ማጣሪያው ያለቀ ማስክ አጥልቃ ወደ ጠባቡ ቦታ ገባች።