ለአማቴ መኪና ጎማ ስንፈልግ

ባለፈው እሑድ ጠዋት ከልጄ ከሕይወት ጋር እንጦጦ ፓርክ ወጥተን ነበር። ሐኪሙ በእግር መሄድ አዞልኛል፤ እሷ ደግሞ ብቻዬን እንድሄድ አትፈቅድም። ከመግቢያው አጠገብ ወጣቶች ከበው ፎቶ የሚነሡባት አንዲት አሮጌ ባለሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ቆማ ነበር። ሌላው ሰው መብራቷንና መሪዋን ሲያደንቅ እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማዋን መመልከት ጀመርኩ።

«አባባ፣ ሰው ፊቷን ያያል፣ እርስዎ እግሯን ያያሉ» አለችኝ ሕይወት እየሳቀች።

ጤዛ ያረጠበው ባሕር ዛፍ ፀሐይ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ያ ሽታ ይዞኝ ሄዶ ነበር።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። የምኖረው ላምበረት አካባቢ በኪራይ ቤት ነው። ትምህርቴን ከመሐል አቋርጬ ቀሪውን ከመዝገበ ቃላትና እጄ ከገባ መጽሐፍ ሁሉ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የማነበው ነገር ሲጠፋ የዕቃ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሳይቀር አነብ ነበር። የካ ሚካኤል አጠገብ ከምትኖር ሰናይት ከምትባል ልጅ ጋር ተዋደድን። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ጋሽ በላቸው ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩ፣ ድምፃቸው ከአጥር ውጭ የሚሰማ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ልጁን አልጠላሁትም። ግን ስለት አለብኝ።»

ሰናይት ሕፃን ሳለች በኩፍኝ ልትሞት ደርሳ ነበር። አባቷ ባለሁለት ወንበር የጣሊያን ስፖርት መኪናቸውን በጭቃው ውስጥ እያስጓሩ ሆስፒታል አደረሷት። እዚያ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ልጄ ከተረፈች በሙሽርነቷ ቀን በዚችው መኪና ራሴ ነድቼ እንጦጦ ማርያም አደርሳታለሁ ብለው ተሳሉ። አሁን መኪናዋ ጓሮ ውስጥ በአራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሞተሯ ደህና ነው፤ በየሳምንቱ ያስነሡታል። ጎማዎቿ ግን ተሰነጣጥቀው እንደ ደረቀ ቆዳ ሆነዋል። ጥር እየተጋመሰ ነው። ሁዳዴ ከገባ ሠርግ የለም፤ ፋሲካን መጠበቅ ነው። ከፋሲካ ወዲያ ደግሞ የሰናይት አጎት ከውጭ የላከላት የትምህርት ዕድል ነበረ። ከሄደች እንደማትመለስ እኔም እሷም እናውቅ ነበር።

እንግዲህ ትዳሬ ጎማ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ የአሮጌውን ጎማ ጎን በጨርቅ ጠርጌ የተጻፈውን ቁጥር ገለበጥኩ። ስፋቱን፣ ከፍታውን፣ የቸርኬውን ልክ የሚናገር ቁጥር ነው። እንደ መጀመሪያው ዓይነት አዲስ ጎማ የሚያስመጣ አንድ ሱቅ አገኘሁ፤ ዋጋውን ስሰማ አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የማየው ጎማ ብቻ ሆነ። የጥር ፀሐይ አስፋልቱን እንደ ውሃ ታንቀጠቅጠዋለች፤ እኔ በዚያ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከሩ ጥቁር ክቦችን እየተከተልኩ እሄዳለሁ። ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን መገናኛ ከቆመ ትንሽ ሰማያዊ ታክሲ አጠገብ ተንበረከክሁ።

«ወንድም፣ ልትስመው ነው እንዴ?» አለኝ ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ።

«ቁጥሩን እያየሁ ነው።»

«ስትጨርስ የኋላዎቹንም ባርክልኝ!»

ቁጥሩ አንድ ነው። ያች ኩሩ መኪናና ይህ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የሚውል ታክሲ አንድ ዓይነት ጫማ ነበር የሚያደርጉት! የታክሲ ጎማ ደግሞ በየሱቁ አዲስ ይሸጣል፤ ዋጋውም የሚቀመስ ነው። ነገር በሁለት መንገድ ይረክሳል። አንዱ ብዙ ሰው ስለሚጠቀምበት ይረክሳል፤ ሌላው ስላለቀለት ይረክሳል። ይህን ለልጆቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ምን ያህሉ እንደ ሰሙኝ አላውቅም።

እየሮጥኩ ለጋሽ በላቸው ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«የታክሲ ጎማ? ልጄን ነው የምወስደው ወይስ ተሳፋሪ?»

«ጋሼ፣ ልኩ አንድ ነው። አዲስ ነው።»

«በል ተነሥ፣ መርካቶ እንሂድ።»

ጎማ ተራ ስንደርስ ገና ረፋድ ነበር። ቦምቦሊኖ ገዙልኝና በወረቀት ይዤ እየበላሁ ከኋላቸው ተከተልኩ። ጎማው እስከ ሰማይ ተቆልሏል፤ የጋለ ጎማና የቦምቦሊኖ ዘይት ሽታ ዛሬም አብረው ነው የሚመጡልኝ። አንድ ደላላ የጋሽ በላቸውን ኮት ዓይቶ ደረሰብን። ያወጣቸው ጎማዎች ሰፋፊ፣ በነጭ ፊደል የተጻፈባቸው፣ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያበሩ ነበሩ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ከውጭ መኪና ላይ የወረዱ ናቸው። ምንም አልሠሩም። ይሄ ጎማ አይደለም፣ ግርማ ሞገስ ነው!»

ከአዲሱ የታክሲ ጎማም ይረክሳሉ። ጣቴን በጥርሶቹ መካከል ሳስገባ ጥቁር ቀለም ያዘኝ። ቀለሙ በተነሣበት በኩል እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ዙሪያውን ይሄዳል።

«ጋሼ...»

«ዝም በል አንተ። ስንገዛ አይወራም።»

ጎማዎቹ በዚያው ቀን ተገጠሙ። መኪናዋ ከድንጋዩ ወረደች። እውነት ለመናገር እንዲህ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ከጓሮው ዝግባ ሥር ሆና ልትዘል የተዘጋጀች ትመስላለች። በነጋታው ጋሽ በላቸው የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ሽማግሌዎቹን ጠሩ፤ እኔንም አስጠሩኝ። ምሳ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ። ሁሉም በየተራ እየወጣ መኪናዋን አየ፤ አደነቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የራሴ አጎት፣ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ ሰው ነው። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን መለሰ። እሱም ስንጥቁን አይቶታል።

በእኛ ወግ ልጅ ጠያቂ አንገቱን ይደፋል። የወደፊት አማቱን፣ ያውም በሽማግሌ ፊት፣ ተሳስተዋል የሚል ሰው ሚስት መፈለግ ያለበት ሌላ ሰፈር ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ሰናይት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ለመናገር ስነሣ አጎቴ ነጠላዬን ጎተተ።

«ጋሼ፣ በዚህ ጎማ እንጦጦ አያውጧት» አልኩ። «ውስጡ ተሰንጥቋል። ቀለም ነው የሸፈነው።»

«ገና ሳትወስዳት ልታዘኝ ነው?» አሉ ጋሽ በላቸው።

«አይደለም ጋሼ።»

«በዚህ ጎማ ካልሆነ ስለቴ አይደርስም። ስለቴ ካልደረሰ ሠርግ የለም። ገባህ?»

«ገብቶኛል። ባይሰጡኝም አያውጧት።»

ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ወደ ውስጥ ገቡ፤ አልተመለሱም። ሽማግሌዎቹ ቀን ሳይቆርጡ ተበተኑ። አጎቴ እስከ ላምበረት ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለነበሩት ቀናት የማስታውሰው ትንሽ ነው። አቧራውና ከሩቅ የሚሰማው የሌሎች ሰዎች የሠርግ ጥሩንባ።

አንድ ማለዳ የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሽ በላቸው ናቸው፤ መኪናዋ ከኋላቸው ቆማ ታጓራለች።

«ግባ፣ ጎማውን እንሞክረው» አሉኝ።

በሽሮ ሜዳ አድርገን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ያዝን። ጣሪያዋ ተከፍቷል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጭጋግ ከባሕር ዛፉ መሐል እንደ ጥጥ እየተባዘተ ይወርድብናል፤ ፀሐይዋም በዚያ ውስጥ ወርቅ ሆና ትበተናለች። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ እንዳሉ ከጭጋጉ ይወጣሉ፤ መልሶም ይውጣቸዋል። ከተማው ከኋላችን ጠፋ። ለጥቂት ጊዜ መንገድ ላይ ሳይሆን አየር ላይ ያለን መሰለኝ፤ ሁሉን ረስቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ መሪው በእጃቸው ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ቆመን ወረድን። ከፊቱ ጎማ ጎን ላይ ቡጢ የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ጋሽ በላቸው መዳፋቸውን አስቀመጡበት፣ እንደ ታማሚ ግንባር። ከዚያ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እንጨታቸውን ተደግፈው ከሚያርፉት ሴቶች አንዷ የገብስ ቆሎ ዘገነችላቸው። እሳቸውም አካፈሉኝ።

«ደላላው ሲያብለጨልጨው እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ ቆሎውን እያዩ። «አምራ ላያት ፈለግሁ። ያ ሁሉ ሰው ቤቴ በላ፣ ጠጣ፣ አደነቀ። ከአንተ በቀር አንድ ሰው አይነግረኝም?»

እኔ ቆሎዬን ቆረጠምኩ።

«የታክሲው ጎማ... ሁዳዴ ሳይገባ ይገኛል?»

«ዛሬውኑ ይገኛል ጋሼ።»

ቁልቁለቱን እሳቸው በእግር ጉዞ ያህል ዝግ ብለው እየነዱ፣ እኔ ከጎን ድንጋይ ይዤ እየሄድኩ፣ ባስፈለገ ቁጥር ጎማው ሥር እየወሸቅሁ ወረድን። በመሐል አንድ ጊዜ ቀና ብለው «ትሰማለህ? ሰው ፊት ስትደፍረኝ ሁለተኛ እንዳላይህ» አሉኝ። ፊታቸው ግን ይስቅ ነበር።

ሠርጉ ከሁዳዴ በፊት ሆነ። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ ስለምትይዝ አባትና ልጅ ከፊት ወጡ፤ እኔና ሚዜዎቼ በሰማያዊ ታክሲ ተከተልን። በየመታጠፊያው የሰናይት ነጭ ቬሎ ከባሕር ዛፉ መሐል ብልጭ ይልና ይጠፋል። የታክሲው ሹፌር ከፊት ያለችውን መኪና ጎማ አይቶ «የእኛ ዘመድ ናት እንዴ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

አማቴ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም ዛሬ በያኔው ዕድሜያቸው ነኝ። ልጆቼን በጥብቅ ነው ያሳደግሁት፤ አልጸጸትበትም፤ ከመካከላቸው ሌባም ሰካራምም አልወጣም። ግን ወደ ሳሎን ስገባ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የጀመሩት ወሬ ይቋረጣል። ይህን ለብዙ ዘመን አክብሮት ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ባለፈው እሑድ ጠዋት ፓርኩ ውስጥ፣ ወጣቶቹ ፎቶአቸውን ጨርሰው ከተበተኑ በኋላ፣ ስንቱ ሰው ቤቴ በልቶ አይቶ ዝም ብሎኝ እንደ ሄደ አሰብኩ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ሕይወት» አልኳት፣ «እኔ ላይ አይተሽ ያልነገርሽኝ ነገር አለ?»

ደነገጠች። የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገች።

«ይቆጣሉ አባባ።»

«እቆጣ ይሆናል። አንቺ ግን ንገሪኝ።»

ፊቷን ወደ ከተማው መልሳ፣ ቀስ ብላ፣ መናገር ጀመረች።